ከባንኮክ ያልሸኘናቸው እንግዳ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ሳቄን መቆጣጠር የማልችል ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመስክሩብኝ፣ ሰው ቤት ተሰብስበን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ጊዜ ምን ገጠመኝ መሰላችሁ» ማለት ሲጀምር፣ «በሩን የከፈተው ነፋስ ነው፣ ኮቴውም የጎረቤት ድመት ነው፣ ቀጥል» እያልኩ ጨዋታውን የማበላሸው እኔ ነኝ። ባለቤቴማ «አንተ ያለህበት ቤት ሰይጣንም ሰልችቶት ይወጣል» ትለኛለች። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ እንዳይመስላችሁ፣ እመኑኝ፣ ማስፈራራት ብፈልግ የተሻለ እፈጥር ነበር፣ ይኼ እኮ ደም የለበት፣ ጩኸት የለበት፣ ጨለማ እንኳን የለበትም፣ ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በእናቴ ሕመም ነው። እማዬ ያኔ አዲስ አበባ ነበረች፣ ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኘና ሐኪሞቹ ባንኮክ ሄዳ ብትታይ ይሻላል አሉን፣ መቼም ባንኮክ መታከም ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ከየሰፈሩ አንድ የሄደ አይጠፋም። እኔ የምኖረው እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ነው፣ ዴንቨር ውስጥ ሰው በመኪናዬ እያመላለስኩ ነው የምተዳደረው፣ እሷን ወደዚህ እንዳላመጣት ደግሞ ያኔ ቪዛ ተከልክላ ነበር፣ ስለዚህ እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ ተነስተን ባንኮክ ላይ ተገናኘን። ምርመራው ሲያልቅ ሆስፒታሉ የመደበልን አስተርጓሚ፣ አማርኛዋ እንደ ውኃ የሚፈስ የኛው አገር ልጅ ናት፣ «እብጠቱ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ክፉ ይሁን ደግ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው፣ ነገ አመሻሽ ላይ አልጋ ይይዛሉ፣ እስከዚያ ቀኑ የራሳችሁ ነው፣ ከተማውን እዩበት» አለችን።

«ሆቴል አረፍ ብትዪ አይሻልም?» አልኳት እማዬን።

«ይኼን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ የሐኪም ቤት ጣሪያ ብቻ አይቼ ልሙት እንዴ?»

«ሞትን ምን አመጣው!» ብዬ ተቆጣሁ፣ የተቆጣሁትም እኔ ራሴ ከመጣን ጀምሮ ከእሱ ሌላ የማስበው ነገር ስላልነበረ ነው። ፈርቼ ነበር። እናቴን እዚያ አገር ትቻት ብቻዬን የምመለስ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ፣ ያንን የማይለያትን ትልቅ ጥቁር ቦርሳ አንግታ ወጣን። ከተማውን የሚያቋርጥ ሰፊ ወንዝ አለ፣ ሕዝቡ ጀልባውን እንደ አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው፣ እኛም ተሳፈርንና አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ እሷ ወደ መስኮቱ፣ እኔ ወደ መተላለፊያው ተቀመጥን፣ ቦርሳዋ መሐላችን። ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ በእጇ ረጅም የብረት ቱቦ ይዛለች፣ ትኬቱም ሳንቲሙም እዚያ ውስጥ ነው፣ ቀጭ ቀጭ እያደረገችው ስትመጣ የኛን አገር ታክሲ ረዳት አስታወሰችኝና ሳቅኩ። ሦስት ትኬት ቆረጠች። ሁለት ነን ብዬ በጣቴ አሳየኋት፣ እሷ ደግሞ እኔን አየች፣ እማዬን አየች፣ መሐላችንን አየች፣ ፈገግ ብላ ሦስተኛውን ትኬት ቦርሳው አጠገብ አስቀምጣልን ቀጭ ቀጭ እያለች ሄደች።

«ቦርሳሽ ሰው መሰላት፣ እኔም መጠኑን ሳየው አልፈርድባትም» አልኩ፣ እማዬም ሳቀች።

ከጀልባው ወርደን ያ በጎኑ የተጋደመ ትልቅ የወርቅ ቡድሃ ያለበት ቦታ ደረስን፣ እዚህ እንኳን እማዬ «ጣዖት ቤት አልገባም፣ አንተ አይተህ ንገረኝ» ብላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ሲገባ ጫማ ይወለቃል፣ በር ላይ ያለው ሰውዬ ጫማህን የምትይዝበት ከረጢት ይሰጥሃል፣ ለኔ ሁለት ሰጠኝ፣ ለየእግሬ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም ተቀበልኩ። ከምስሉ ጀርባ በግድግዳው ጥግ የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፣ ሰዉ በየሳህኑ አንዳንድ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል፣ ቅጭል ቅጭል ይላል፣ ደስ የሚል ድምፅ ነው። እኔ ሳንቲም አልጣልኩም፣ ዝም ብዬ ቀስ እያልኩ ስሄድ ግን ከኋላዬ አንድ ሰው በኔው እርምጃ ልክ ይጥላል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይቀጥላል። ላሳልፈው ብዬ ዞር ስል መተላለፊያው ባዶ ነው፣ በወዲያኛው ጫፍ ፎቶ ከምታነሳ ፈረንጅ በስተቀር ሰው የለም። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ ጣሪያው ትልቅ ነዋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለኔ ምንም አይደለም።

ስወጣ እማዬ ያ ሁሉ አግዳሚ እያለ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ተቀምጣለች፣ ትንሽ ብትገፋ መሬት ነው።

«ሰው ነበር እንዴ አጠገብሽ?»

«አላየሁም» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ግን ጠጋ በይ የተባልኩ መሰለኝና ጠጋ አልኩ።»

እማዬ ቀልድ የምታውቅ ሰው ስለሆነች እየቀለደች ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወንዙ ዳር አንዲት ምግብ ቤት ገባን፣ ረቡዕ ነበር፣ «ዓሣም ቢሆን አልነካም» ስላለች ሩዝና ጎመን የመሰለ ቅጠል አዘዝኩ፣ መቼም እኛ አብረን ነው የምንበላው፣ አንድ ሳህን ይበቃናል አልኩት አስተናጋጁን፣ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ በጣቴም አንድ ብዬ አሳየሁት። ሦስት ሳህን፣ ሦስት ማንኪያ፣ ሦስት ብርጭቆ ውኃ አምጥቶ ደረደረ፣ ሦስተኛውን ከእማዬ ፊት ለፊት ካለው ባዶ ወንበር ጋ አደረገው፣ ወንበሩንም ሳብ አደረገለት። ሳህኑን አንስቼ መለስኩለት። እሺ ብሎ ወሰደና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሩዝ ጨምሮበት መልሶ አመጣው።

አሁን የሆነውን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም እኔ ከዚህ ሁሉ የምፈራው ይኼንኑ ነው። እማዬ ሰው ፊት ለፊቷ እያለ ብቻዋን የጎረሰችበት ቀን የለም፣ በመንገድ የሚያልፍ የማታውቀውንም ቢሆን ትጠራለች፣ እጇን ወደ ሳህኑ ስትሰድ ቀና ብላ ያንን ባዶ ወንበር አየችውና፣ ሳታስበው፣ እንዲሁ በልማድ፣ «እንብላ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይብሉ እንጂ» አለች።

«ማንን ነው?» አልኳት።

ራሷም ደንገጥ አለች። «እንጃ፣ አፌ ላይ መጣ።»

ሩዙ ጎደለ ብዬ አልዋሽም፣ ሙሉ እንደነበረ ነው የተነሳው። ግን ስንወጣ አስተናጋጁ፣ እዚያ አገር ሰላምታው ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ጎንበስ ማለት ነው፣ ለኔ ጎንበስ አለ፣ ለእማዬ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞሮ ከሁለታችንም ይልቅ ለእሱ ዝቅ ብሎ ጎንበስ አለ። ወዲያው ያ የነሱ ዝናብ ወረደ፣ ሰማዩ እንዳለ ነው የሚገለበጠው፣ ታክሲ አስቁሜ እማዬን እጇን ይዤ እየሮጥን ገባን፣ እሷ በኋላ መስኮት ወደ ምግብ ቤቱ እያየች «ደህና ዋሉ እንኳን ሳንል» ስትል ሰማኋት፣ አስተናጋጁን መሰለኝ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፣ እብጠቱም ክፉ አይደለም ተባለ፣ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ ዴንቨር ተመለስን፣ ያንን ቀን ረሳሁት። የተወሰኑ ዓመታት አለፉና የመኖሪያ ወረቀቷ ተሳክቶ ባለፈው ዓመት እዚህ እኛ ጋ መጣች። አሁን በቅርቡ ግን ያ የድሮ ቦታ ይወጋት ጀመር፣ ሐኪሟ ወዲያው ምርመራ አዘዘላት፣ ቀኑን እየጠበቅን ሳለ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጄን ሄለንንም ይዘን ሀቫና መንገድ ላይ ያለች የቬትናሞች ሾርባ ቤት ገባን፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። አስተናጋጇ አራት ጎድጓዳ ሳህን አመጣች።

«ዳድ፣ ስሪ ነን እኮ!» አለች ሄለን እየሳቀች፣ «ሁ ኢዝ ዘ አዘር ዋን?»

እኔ አልሳቅኩም። እማዬን አየኋት፣ እሷም አራተኛውን ሳህን እያየች ነበር፣ ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፣ ሐፍረት ነበር፣ እንግዳ ሳታስተናግድ የቀረች ሴት ሐፍረት።

ቤት ስንገባ ሄለንን ወደ ክፍሏ ልካ ነገረችኝ። «እዚያ ሐኪም ቤት የታመመ ሁሉ እንደኔ ልጁ ተከትሎት አይመጣም። አስታማሚ ያጣ፣ ከተማውንም ሳያይ የቀረ ስንት ይኖራል። ከነዚያ አንዱ ናቸው፣ እኛ ስንወጣ ተከትለውን ወጡ፣ ምሳ በሉ ብዬ ጠራኋቸው፣ ከዚያ ሳንሰናበታቸው ጥለናቸው ሮጥን። እንግዳ ጠርቶ ሳይሸኙ መሄድ ነውር አይደለም? ይኸው አላርፍ አሉ።»

«እማዬ፣ ስለማን ነው የምታወሪው? ደግሞ ‹ጠራኋቸው› ማለት ምንድነው?»

«ዕድሜያቸውን የት አውቄ አንተ ልበላቸው?»

እሷ እንዲህ ታስባለች፣ እኔ ግን የመጣልኝ ሌላ ነው፣ በግልጽ ልንገራችሁ፣ እኔ የመጣልኝ ያ ነገር ከመጀመሪያውም የመጣው ለእሷ ነው፣ ያኔ ሳይወስዳት ቀርቶ አሁን ሊጨርስ ተመልሶ ነው የሚል ነው። እኔ! ነፋስ ነው፣ ድመት ነው የምለው ሰውዬ! ስለዚህ «ከምርመራው በፊት አየር ማረፊያ ወስደኸኝ እንሸኛቸው» ስትለኝ አልተከራከርኳትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መኪናዬን ፒዮሪያ ጣቢያ ፓርክ አድርጌ በባቡር ሄድን፣ «እንግዳ በባቡር ይሻላል፣ ሰፋ ይላል» ስላለች። ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ጠብሳ በፌስታል ቋጥራለች። ፍተሻው መግቢያ ጋ ስንደርስ አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር የሚገፋ ጌታቸው የሚባል ወዳጄ አየንና መጣ፣ ከእማዬ ጋር በትከሻ ተሳሳሙ።

«ማንን ልትሸኙ ነው እማማ?»

«እንግዳ ነበሩብን» አለች።

ጌታቸው ዙሪያውን ቃኘ። «ዊልቸር ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ ደህና አድርገው ይራመዳሉ።»

«እንግዲያው ገብተዋል መሰለኝ» ብሎ ሥራው ጠራውና ሄደ። እማዬ ፌስታሉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ሰልፉን እያየች ጎንበስ ብላ፣ «እንግዲህ ደህና ይግቡ። ያኔ ዝናቡ አዋክቦን ነው፣ አይቀየሙን። ከተማውን አብረን አይተናል፣ እኔም አልረሳዎትም» አለች። ሰው እያየን ነው፣ እኔ ላብ አጥምቆኛል፣ ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ፣ እንደው እኛ ሰው ስንለይ የማንለው የለም አይደል፣ እጄን አንስቼ «አይጥፉ እሺ!» አልኩ።

እማዬ ዞራ አየችኝ። አስተያየቷ አሁንም አይኔ ላይ አለ።

ባለቤት የሌለው ፌስታል አየር ማረፊያ ውስጥ ትቶ መሄድ ፖሊስ መጥራት ስለሆነ፣ እሷ ወደ ባቡሩ ስታዘግም ዳቦ ቆሎውን አንስቼ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ጣቢያው ጋ ስንደርስም መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ወርውሬው ረሳሁት። እማዬ መንገዱን በሙሉ ቀለል ብሏት ነበር፣ ቤት ገብታም ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

በማግስቱ ከዳውንታውን አንዲት ሴት ልጭን ቆምኩ፣ የቢሮ ሠራተኛ ትመስላለች። የኋላውን በር ከፈተች፣ «ይቅርታ፣ ሰው መኖሩን አላወቅኩም» አለችና ዘግታው ከፊት መጥታ ተቀመጠች። ማንም የለም አልኳት። ፌስታሉን ይሆናል ያየችው ብዬ ልቤን ላሳርፍ ሞከርኩ፣ እሷ ግን ቀበቶዋን እያሰረች ወደ ኋላ ዞር ብላ ራሷን ነቅነቅ አደረገች፣ ለሰው ሰላም እንደሚባለው። መንገድ ላይ ሬዲዮ ዘግቼ ነበር፣ ኮልፋክስ ጎዳና የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ከኋላ ቆረጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ትንሽ ቆየና እንደገና ቆረጥ፣ ጥርሱ ያልጠነከረ ሰው ዳቦ ቆሎ ሲበላ እንዴት ቀስ እንደሚል ታውቃላችሁ። በመስታወቱ አላየሁም። ለማየት አልደፈርኩም። ሴትዮዋ ስትወርድ ቻው ያለችው ሁለቴ ነው።

ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ አንቺ የሸኘሻቸውን እኔ ጠርቼ መለስኳቸው ልበላት? ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው አይጥፉ ብዬ አላውቅም፣ ቻው ብዬ ነው የምለየው፣ ሰው ኮራ ይለኛል።

የምርመራው ቀን ጠዋት እማዬ እንደልማዷ የኋላውን በር ልትከፍት ስትል፣ «ዛሬ ከፊት ሁኚ፣ ይመችሻል» አልኳት። ከፊት ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰርኩላት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላደለች፣ ከዚያ በቀስታ ወደ ኋላ ዞር ብላ «እንደምን አደሩ» አለች። ሰው መልስ ሰጥቶ እሱም በተራው እስኪጠይቅ ያህል ዝም አለች፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወደ ፊት ተመለሰች።

«ንዳ እንጂ፣ እንዳይረፍድብን።»

ነዳሁ። ሐኪም ቤቱ ጋ ደርሰን እሷን ካወረድኩ በኋላ የኋላውን በር ይዤ ቆምኩ። እንግዳ ከሆኑ በር አለመክፈት ነውር ነው፣ ሌላ ከሆኑ ደግሞ እናቴ ወደምትገባበት እኔው በእጄ ማስገባቴ ነው። አልከፈትኩም። ይቅር ይበሉኝ፣ መኪናውን ቆልፌ እማዬን ደግፌ ገባሁ፣ በልቤም እዚያው ይቆዩ አልኩ።

የመጠበቂያ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሁለት ወንበር ነው ያለው፣ እኔና እማዬ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ነርሷ ስም ልትጠራ መጥታ አየችንና «ቆይ፣ ወንበር ላምጣ» ብላ ከጥግ ሌላ ጎትታ አምጥታ ከእማዬ በወዲያኛው በኩል አደረገችው። እማዬ ቀና ብላ እኔን አላየችኝም። ቦርሳዋን አነሳችና ጠጋ አለች።

ውጤቱ በስልክ ይነገራችኋል ብለውናል፣ ይህን እየጻፍኩም ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስካሁን አልተደወለም።